ብክለት የሚጀምረው ከውሃ ጎማው ጫፍ ነው፦ ለፋብሪካ ሠራተኛ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ፋብሪካ ብክለት ሲወራ ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ያ ትልቅ ቱቦ ነው። ከአጥር ሥር ወጥቶ ወንዝ ላይ የሚዘረግፈው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከቱቦው ርቆ ነው፤ ሳይዘጋ ከተረሳ ቫልቭ፣ ክዳኑ ከላላ በርሜል፣ ወይም ፈረቃው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ዝም ብለህ በውሃ ልቀቀው» ከተባለ ወለል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ማጣሪያ የመገንባት፣ ለዚያ ገንዘብ የማውጣትና ሕጉን የማክበር ግዴታ የአሠሪው ነው። ጥፋት ሲመጣ ሁሉንም «የሠራተኛ ስህተት» ብሎ መገላገል የተለመደ ነው፤ እሱን አልደግፍም። እዚህ የማወራው እጃችሁ ስለሚደርስበት ነገር ብቻ ነው። እጃችሁ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ይደርሳል። የሚፈሰውን መጀመሪያ የሚያየው ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው እንጂ ቢሮ የተቀመጠው አይደለም።

1. ውሃው የት እንደሚሄድ እወቁ

ከእግራችሁ ሥር ያለው ፍርግርግ ወዴት ነው የሚወስደው? ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ወደ ማጣሪያው መሰለኝ» ይላል። እዚህ ላይ መሰለኝ አይሠራም።

አብዛኛው ፋብሪካ ሁለት መስመር አለው። አንዱ የፍሳሽ መስመር ነው፤ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ሌላው የዝናብ ውሃ መስመር ነው፤ ጣሪያና ግቢ ላይ የወረደውን ዝናብ ሰብስቦ፣ ብዙ ቦታ ምንም ሳይጣራ፣ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ባለ የዝናብ ፍርግርግ ላይ የደፋችሁትን ባልዲ ወንዙ ዳር ቆማችሁ እንደደፋችሁት ቁጠሩት።

ፕላኑን አይታችሁ ብቻ አትመኑ። ሕንፃ ሲጨመር፣ ማሽን ሲዛወር፣ ቱቦ የሚቀጥለው ሰው ቅርብ ካገኘው ጋር ነው የሚያገናኘው። አንድ ጊዜ የጥገና ክፍላችን መታጠቢያ ገንዳ፣ ያውም ቅባት የነካው ዕቃ ሁሉ የሚታጠብበት፣ ፕላኑ ላይ ወደ ማጣሪያ እንደሚሄድ ተስሏል። የምግብ ቀለም በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጠን ለቀቅንበት። እኔ ማጣሪያው መግቢያ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ። ምንም የለም። በኋላ የጮኸው ከአጥር ወዲያ የቆመው ጓደኛዬ ነው፤ ቦዩ አረንጓዴ ሆኗል አለ። ስንት ዓመት እንደዚያ ሲፈስ እንደኖረ ፈጣሪ ይወቀው።

እናንተም ሞክሩት። ኃላፊያችሁን አስፈቅዱ። የማጣሪያውን ሠራተኛም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ድንገት አረንጓዴ ውሃ ሲመጣበት ይደነግጣል። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ አንድ በአንድ፣ ፍርግርግ በፍርግርግ እየሄዳችሁ ፈትሹ። ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሳሉት፤ ክዳኖቹንም በሁለት ቀለም ቀቡ። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ የዝናቡን ሰማያዊ፣ የፍሳሹን ቀይ ነው የሚቀቡት። የመረጣችሁት ቀለም የፈለገው ይሁን፣ ትርጉሙን ግን ሁሉም ሰው ይወቅ፤ ትናንት የተቀጠረውም፣ ዕቃ ሊያራግፍ ለአንድ ቀን የመጣው ሾፌርም።

2. የያዛችሁት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ

እያንዳንዱ አደገኛ ኬሚካል የደህንነት መረጃ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት። ሁሉንም ብታነቡት ጥሩ ነው፤ ጊዜ ከሌላችሁ ግን 6ኛውን፣ 12ኛውንና 13ኛውን አትዝለሉ። 6ኛው ቢፈስ ምን እንደሚደረግ፣ 12ኛው ውሃና ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ምን እንደሚያደርግ፣ 13ኛው እንዴት እንደሚወገድ ይናገራል። በርሜሉ ላይ የደረቀ ዛፍና የሞተ ዓሣ ሥዕል ካያችሁ መልእክቱ ግልጽ ነው።

ሰውን የሚያታልለው ግን ምንም ሥዕል የሌለበት ነው። ወተትን እንውሰድ። ሕፃን የሚጠጣው ነገር ወንዝን ምን ያደርገዋል? እንዲህ ያደርገዋል፦ ወንዝ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወተቱን ሲበሉ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። አንድ ሊትር ወተት ተበልቶ እስኪያልቅ ወደ 100 ግራም ኦክስጅን ይወስዳል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹህ ውሃ ግን በአንድ ሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። አካፍሉት። አንድ ሊትር ወተት በ11 ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሙልጭ አድርጎ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ዓሣው የሚሞተው ተመርዞ አይደለም፤ ታፍኖ ነው። ደም፣ ቢራ፣ የስኳር ውሃ፣ ስታርች ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

ሙቅ ውሃም ለብቻው ጣጣ አለው። 30 ዲግሪ ሲደርስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። «ንጹህ ውሃ እኮ ነው፣ ሞቀ እንጂ» የሚለው ነገር ስለዚህ አያስኬድም።

ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያም ያሳስታል። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ይጨምራል። ከ7 ወደ 4 ወረደ ማለት ሦስት ነጥብ ቀነሰ ሳይሆን አሲድነቱ 1,000 እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግሩት ከባድ ብረቶች ናቸው፤ ክሮም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ሜርኩሪ። ወተቱን ባክቴሪያ ይበላዋል፤ እነዚህን የሚበላቸው የለም። ማጣሪያው ከውሃው ቢለያቸው እንኳ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣሉ እንጂ አይጠፉም። ስለዚህ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ሳይደባለቁ እዚያው ከምንጫቸው ለብቻ መያዝ አለባቸው።

3. መጥረጊያው ከውሃው ይቅደም

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚናቀው ደረጃ ይሄ ነው። ወለል ላይ ዱቄት፣ ጭቃ፣ ስብ፣ የተረፈ ቀለም ሲኖር የሁላችንም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጎማው ነው። ጎማው ግን ቆሻሻውን አያጠፋውም፤ ቦታ ነው የሚያስቀይረው። በአካፋ ተነስቶ በርሜል ውስጥ ሊገባ የሚችለውን ደረቅ ነገር ሺህ ሊትር ፍሳሽ ታደርጉታላችሁ። በደቂቃ 20 ሊትር የሚለቅ ጎማ አንድ ሰዓት ክፍት ቢቀር 1,200 ሊትር ነው።

መጀመሪያ ጥረጉ፣ ፋቁ፣ ዛቁ። የሚመጠጠውን በጨርቅ ወይም በሳጋቱራ አንሱ። መጨረሻ ላይ ለቀረችው ቅሪት ብቻ ውሃ። ጎማው ጫፍ ላይ ሲለቁት የሚዘጋ መክፈቻ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ከሌለ እንዲገዛ ጠይቁ። ውድ ዕቃ አይደለም።

ዘይት ያለበት ወለል ላይ ሳሙና ከማፍሰሳችሁ በፊት ቆም በሉ። ዘይት መለያ ገንዳ የሚሠራው ዘይት ከውሃ በላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። ሳሙናው ዘይቱን ሰባብሮ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል፤ ከዚያ ገንዳው አይለየውም፣ አብሮ ይወጣል። ወለሉ አበራ፣ ዘይቱ ግን ወንዝ ገባ።

«ውሃ ጨምርበትና ልቀቀው» የሚሉም አሉ። ላብራቶሪ የሚያየው ቁጥር ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ወንዙ የሚደርሰው ግን በኪሎ ያው ነው። አሥር ኪሎ ጨው በአንድ በርሜል ቢሟሟም በመቶ በርሜል ቢሟሟም አሥር ኪሎ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ እያቀጠኑ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው።

4. በርሜልና ታንከር

እዚህ ብዙ አልቆይም። ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ከፍርግርግ ይራቅ፣ ጣሪያ ሥር ይሁን፣ ዙሪያውን ያጠረው መከለያ ይኑረው። ብዙ አገር የሚሠራበት ልክ መከለያው የትልቁን ታንከር 110 በመቶ እንዲይዝ ነው። አሥሩ በመቶ ለዝናብና ለመንቦጫረቅ ነው።

መከለያው ውስጥ ዝናብ ይጠራቀማል። የማፍሰሻ ቫልቭ ካለው ሁልጊዜ ዝግ ይሁን። ቫልቩ ክፍት የሆነ መከለያ ቀዳዳ ባልዲ ማለት ነው። ውሃውን ከማውጣታችሁ በፊት እዩት፣ ሽታውን ልብ በሉ፣ በፒኤች ወረቀት ለኩት። ንጹህ ካልሆነ የዝናብ መስመር አይገባም።

5. የማይደባለቁትን አታደባልቁ

ይሄ ወንዝን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይገድላል። ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ፣ ለምሳሌ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉር ከሚነቀልበት ክፍል የሚወጣው፣ አሲድ ሲያገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣዋል። ብረት ከሚለበጥበት ክፍል የሚመጣ ሳያናይድ አሲድ ሲያገኘው ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። በረኪናና አሲድ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይፈጥራሉ። ሁለት ሰዎች በተለያየ ክፍል ሆነው፣ ሳይተያዩ፣ አንድ ቦይ ውስጥ ቢለቁት በቂ ነው።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አየሩ ውስጥ ያለው መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፋ» ያላችሁበት ሰዓት የባሰው ሰዓት ነው። ማንሆል ውስጥ ወይም ታንከር ውስጥ ሰው ወድቆ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ። ሊያድን የገባው አብሮ የሞተበት አደጋ በየአገሩ ደጋግሞ ደርሷል። እርዳታ እንዲመጣ ደውሉ፣ አየር እንዲገባ አድርጉ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለውና የሰለጠነ ሰው ይግባ።

6. ፈሰሰ! አሁንስ?

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ በቃላችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ራሳችሁን። ምን እንደፈሰሰ ሳታውቁ አትቅረቡ። ጓንት፣ ቦቲ፣ መነጽር። ጋዝ የሚያወጣ ወይም የሚቀጣጠል ከሆነ ሰውን አርቁና እርዳታ እንዲመጣ ደውሉ።

ሁለተኛ ምንጩን ዝጉ። ቫልቭ ከሆነ ዝጉት። የወደቀ በርሜል ከሆነ አቅኑት፣ ወይም ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አዙሩት። ፎርክሊፍት የወጋውን በርሜል ሁለት ሰው ገፍቶ ቢያዞረው ብቻ ግማሹ ይተርፋል። አንድ ሰው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ማጣሪያ ጣቢያው ጋ ይደውል።

ሦስተኛ ፍርግርጉን ሸፍኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፈሰሰውን ከመሐል ማጽዳት ይጀምርና በዳር በኩል ወደ ቦዩ ይሄድበታል። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ቅደሙት፤ ወደሚሄድበት። የጎማ ምንጣፍ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ ምንም ከሌለ ወፍራም ላስቲክ አንጥፋችሁ ላዩ ላይ አሸዋ ጫኑበት።

ከዚያ በኋላ ነው መክበብ፣ ማስመጠጥና መሰብሰብ የሚመጣው። የመጠጠው አሸዋም ሆነ ሳጋቱራ አሁን ራሱ ኬሚካል ሆኗል፤ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ሳጋቱራ ለዘይት ይሆናል፤ ለናይትሪክ አሲድና መሰል ነገሮች ግን እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አትጠቀሙበት። በምንም ዓይነት ግን «ቶሎ ይጥፋ» ብላችሁ በውሃ እንዳትገፉት።

የእሳት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ፣ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳት አጥፊዎቹ ሥራቸውን ሠሩ። ያጠፉበት ውሃ ግን ፀረ ተባይ ኬሚካሉን ይዞ ራይን ወንዝ ገባ፤ የሚይዘው ገንዳ አልነበረም። ወንዙ ቀላ፤ ወደ ታች 400 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ አለቀ። ስለዚህ የእሳት ልምምድ ስታደርጉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የምናጠፋበት ውሃስ የት ይሄዳል? መውጫውን የሚዘጋው ቫልቭ የት ነው፣ ማን ነው የሚዘጋው?

7. ማጣሪያው ላይ የምትሠሩ

ባዮሎጂካል ማጣሪያ ማሽን ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሕይወት አለ። የሚሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። እነሱ አየር ይፈልጋሉ፤ ገንዳው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን 2 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ እንዲሆን ነው በተለምዶ የሚሞከረው። መብራት ለመቆጠብ ሌሊት ብሎወር (አየር የሚነፋውን ማሽን) የሚያጠፋ ኃላፊ ካጋጠማችሁ ነገሩን ገልጻችሁ ንገሩት፦ የቆጠበው የመብራት ሒሳብ ነው፣ ያፈናቸው ሠራተኞቹን ነው።

መሣሪያው ባይኖር እንኳ ዓይንና አፍንጫ አለ። ጤናማ ገንዳ ቡናማ ነው፤ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይሸታል። ከጠቆረና ከገማ አየር አጥቷል። በየቀኑ አንድ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ሲሊንደር ቅዱና 30 ደቂቃ ሳትነኩት አቆዩት። ዝቃጩ የት ድረስ እንደወረደ ጻፉ። የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ አይነግራችሁም፤ ሳምንቱን ስታዩት ግን ይናገራል። ዝቃጩ መውረድ ካቃተው ወይም የላዩ ውሃ ከደፈረሰ ከላይ አንድ ሰው የሆነ ነገር ለቋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ማምረቻ ክፍል ላላችሁ ደግሞ፦ አንድ ታንከር ኮስቲክ (የሚያቃጥል ሶዳ) ወይም በረኪና በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁ ባክቴሪያዎቹን ትጨርሷቸዋላችሁ። ተመልሰው እስኪበዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚወጣው ውሃ ያልተጣራ ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት ደውሉ። ማመጣጠኛ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ያደርጉላችኋል።

8. ናሙና ስትወስዱ አትሸውዱ

ማታ የሚለቀቀውን ትቶ ጠዋት ንጹሁን መቅዳት የታወቀ ዘዴ ነው። ናሙና ማለት በተለመደው ሥራ ሰዓት፣ ከተለመደው ቦታ፣ የሚመጣውን መቅዳት ነው። ከተቻለ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየቀዳችሁ አዋህዱ፤ አንድ ጊዜ የተቀዳ ውሃ የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው የሚናገረው።

ለዘይትና ቅባት የመስታወት ጠርሙስ ያዙ፤ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል። ለብረቶች ፕላስቲክ ይሆናል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ስማችሁን እዚያው ጻፉ፤ «በኋላ እጽፋለሁ» ያላችሁት ጠርሙስ ከሌሎቹ አምስት ጋር ይመሳሰላል። በበረዶ ሳጥን፣ ከብርሃን ተከልሎ፣ በቶሎ ላብራቶሪ ይድረስ።

9. «ልቀቀው» ስትባሉ

ከባዱ ይሄ ነው። ሥራ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ «እምቢ በሉ» ብሎ መጻፍ ለእኔ ቀላል ነው። ግን በአንድ ዝላይ እምቢ ማለት የለባችሁም። መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ይሄ በቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው፤ እንደዚያ ይሁን ነው የምትሉኝ?» ብዙ ትዕዛዝ በግልጽ ቋንቋ ሲደገም ይሰረዛል። ካልተሰረዘ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ አልሰጥም ከተባለ እናንተ ጻፉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን እንዳለ። ከዚያ የደህንነት ኮሚቴ፣ የሠራተኛ ማህበር፣ በመጨረሻም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት። ብቻችሁን ከመሄድ ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ይሻላል።

ሕጉም ባዶ እጃችሁን አልተዋችሁም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 174 ትልቅ የኢንዱስትሪ አደጋ ሊደርስ ነው ብሎ በሥልጠናውና በልምዱ መሠረት ለማመን በቂ ምክንያት ያለው ሠራተኛ በሥራ ድርሻው ልክ እርምጃ እንዲወስድ፣ ካስፈለገም ሥራውን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። አገራችሁ ተቀብሎት እንደሆነ፣ የራሱ ሕግስ ምን እንደሚል አጣሩ።

ዝም ሲባል ምን እንደሚመጣ ጃፓን ውስጥ ሚናማታ ላይ ታይቷል። የቺሶ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ባሕር ውስጥ ይለቅ ነበር፤ ዓሣውን የበሉ ሰዎች አካላቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሞቱ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የፋብሪካው ሆስፒታል ሐኪም ሐጂሜ ሆሶካዋ በ1959 ፍሳሹን ለድመት እያበላ ሞከረ። ቁጥር 400 የተባለችው ድመት ልክ እንደ ሰዎቹ ታመመች። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀው። ፍሳሹ እስከ 1968 ቀጠለ። ሐኪሙ ቃሉን ለፍርድ ቤት የሰጠው በ1970፣ ሊሞት ወራት ሲቀሩት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። በዚያው በ1968 ከፋብሪካው ሁለት የሠራተኛ ማህበራት አንዱ መግለጫ አወጣ፤ ለታመሙት እስከዚያ ድረስ ምንም ስላልታገለ እንደሚያፍር የሚናገር መግለጫ። አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ።

10. ከመውጣታችሁ በፊት ጻፉ

«ትንሽ ፈሶ ነበር፤ ተስተካክሏል» የሚል መዝገብ ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ጻፉ፦ «ሌሊት 8፡40። ከ3ኛው ታንከር ፓምፕ መጋጠሚያ ወደ 15 ሊትር ኮስቲክ ፈሰሰ። ቫልቩ 8፡43 ተዘጋ። ፍርግርግ ቁጥር 5 ተሸፈነ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሊትር ገብቷል። ማጣሪያው 8፡45 ተነግሮታል። መጋጠሚያው አልተቀየረም።» መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት፤ ተረኛው መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው።

ስትወጡ ለሚተካችሁ ሰው በቃልም ንገሩት፣ ወስዳችሁም አሳዩት። የአደጋ ሳጥኑን ክፈቱና የጎደለውን ተኩ፤ አሸዋ፣ ጓንት፣ የፍርግርግ ምንጣፍ። ባዶ ከሆነና መጋዘን ዝግ ከሆነ ሳጥኑ ላይ «ባዶ ነው» ብላችሁ ለጥፉበት።